የመጫኛው ወዲያኛው ጫፍ

አብሮን የሚሠራው ኑሪ ከድርቆሽ ክምር ላይ ወድቆ ሲሞት አንገቱ የተሰበረበትን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀጭ አለ፣ አበቃ። የክምሩን ጫፍ አሹሎ እንደጨረሰ በመሰላል ልውረድ ሲል መሰላሉ ድርቆሹ ላይ ተንሸራተተና ይዞት ወረደ። አለቆቻችን መጥተው "ምን አጣደፈው?" አሉና ሄዱ። እኔ በንዴት መንሼን ድንጋይ ላይ ሰበርኩ። ቦጋለ ግን ቤቱ ሄዶ ረጅም የጠፍር መጫኛ ገመድ ይዞ መጣ።

ቦጋለ ሸጎሌ ባለው የመንግሥት የወተት ላሞች ግቢ አብሮኝ የሚሠራ የቁስቋም ሰፈር ልጅ ነበር፤ ግትር። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም በመሰላል አይወርድም" አለ። መጫኛው በክምሩ አናት ላይ ይሻገራል። በአንዱ ጎን ድርቆሹን የከመረው ሰው እሱን ይዞ ይወርዳል፤ በሌላው ጎን አንድ ሰው በወገቡ አዙሮ፣ ተረከዙን ተክሎ በሁለት እጁ ይይዛል። መሀላቸው ክምሩ ስላለ አይተያዩም። ስለዚህ የወረደው ሰው እግሩ ሲረግጥ "መሬት!" ብሎ ይጮኻል። ያዡ ይህን ሳይሰማ አይለቅም።

"ንብ ቢነድፍህስ?" ብዬ ቀለድኩበት አንድ ቀን።

"ይንደፈኛ።"

"እባብ ቢመጣስ?"

"ግዛቸው፣ ሰው አንጠልጥሎ መልቀቅ የለም አልኩህ፤ በቃ!"

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልወደቀም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ መጫኛው ተበጠሰ። ቦጋለ እስኪጠገን ድረስ ማንም ክምር ላይ እንዳይወጣ ብሎ ሥራውን ሁለት ቀን አስቆመ። አንዱ ይህንን "የኢኮኖሚ አሻጥር" ብሎ ጠቆመበት። በዚያን ወራት ለዚህ ምን እንደሚከፈል ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ሥራ ስንገባ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ እያለፍን ነበር።

ኅዳር ውስጥ የመጨረሻውን ክምር ጫፍ ዘጋሁ።

"ያዝክ?" አልኩት ቦጋለን።

"ይዣለሁ፣ ውረድ!"

ግማሽ እንደወረድኩ መኪና ግቢ ገብቶ ቆመ። የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ።

"ቦጋለ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅ ወደ ላይ!"

"ሰው ይዣለሁ፤ በወዲያ በኩል ተንጠልጥሏል። እሱ ይውረድና እሄድላችኋለሁ።"

"ያዘናጋናል ይሄ! ልቀቅ!"

በሰደፍ ሲመቱት ድርቆሹን አልፎ ተሰማኝ። መጫኛው አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ቀጥ አለ። ቦጋለ አልለቀቀም። እኔም እጄ እየተላጠ ተንሸራትቼ ወረድኩና እግሬ መሬት ነካ።

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ብጮኽ ዞረው ይመጣሉ፣ ተባባሪው ብለው እኔንም ይጭኑኛል፣ ልጆቼስ... እያልኩ ለዓመታት ለራሴ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም፤ ፈራሁ። ሰውነቴን መጫኛው ላይ ጥዬ ቀረሁ። ለቦጋለ አሁንም ከባድ ነበርኩ።

እንደገና መቱት። ደጋገሙት። አጥንት ሲሰበር ከኑሪ ጊዜ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ስለሆነ አልተሳሳትኩም። አፉ ደም ሞልቶ "ግዛቸው! ወርደሃል?" ሲል ሰማሁት። የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ።

"ግዛቸው! አለህ?"

"እጅ ወደ ላይ ነው የምልህ!"

"አልችልም ወንድሜ፣ ሰው እኮ..."

ሁለት ጥይት ተተኮሰ። መጫኛው ላላ፤ እኔም በቂጤ ቁጭ አልኩ። የወደቅኩት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

አንዱ ጠባቂ ክምሩን ዞሮ መጣ። ፂም ያላበቀለ ልጅ ነው። እኔን አየ፣ የጨበጥኩትን መጫኛ አየ። "እውነትም ሰው ነበር" አላቸው ለጓደኞቹ። ቦጋለን እግሩን ይዘው ጎትተው መኪናው ላይ ወረወሩት። መኪናው ከበሩ ሲወጣ "መሬት!" ብዬ ጮኽኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሚስቱ የዓለምወርቅ ሬሳውን አላገኘችም፤ እንዳታለቅስም ተነግሯታል። በወሩ ጥቁር ሳትለብስ ቤቴ መጣች። በርጩማ ብሰጣት አልቀመጥም አለች።

"ልጆቹ ይጠይቁኛል" አለች። "አባታችን ለምን እጁን አላነሳም ይሉኛል። ቢለቅህ ኖሮ ትሞት ነበር፣ አይደል?"

መጫኛው የላጠውን እጄን ደበቅኩ።

"እሞት ነበር" አልኳት።

መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

"እንኳን አልለቀቀህ" አለች።