ከሐኪሙ ጽሑፍ ሥር

ነርሷ ከሴትየዋ ጣት ጫፍ የወሰደችውን ደም የስኳር መለኪያው ላይ አድርጋ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"እናቴ፣ ስኳርዎ ካለፈውም ብሷል። ትናንት ምን በሉ?"

"ዳቦ በሻይ። ማታ መኮሮኒ።"

"ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?"

"ተነጋግረናል፣ ልጄ።"

ሴትየዋ የሆቴል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ማጠብ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ለዛሬው ቀጠሮም የግማሽ ቀን ደመወዟን አስቆርጣ ነው የመጣችው። ነርሷ ካርዱን ስትገልጥ ሴትየዋ አንገቷን አስግጋ አየች። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ በእጁ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ "ምክር አትቀበልም።"

ደግማ አነበበችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

"ይሄ እኔን ነው?"

ነርሷ ካርዱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። "የሥራ አጻጻፍ ነው፣ አይቀየሙ።"

"ተቀይሜያለሁ እንጂ። በይ ደሞዜን ልንገርሽና ለሦስት ሰው የሚሆን የነገ ምግብ ጻፊልኝ።"

ውጭ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ነርሷ ቶሎ ለመገላገል ቁራጭ ወረቀት አነሳች። ዓሣ ብላ ጻፈች፤ ሴትየዋ ዋጋውን ስትነግራት ሰረዘችው። እንቁላል ጻፈች። "ለአንድ ቀን እሺ። ወሩንስ?" አለቻት። ሰረዘች። ብርቱካን ሄደ፣ ቲማቲም ሄደ፣ ጎመንም አልቆየ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ ዘይትና ሽንኩርት ሆኑ። ነርሷ ሳታስበው ሳቀች፤ ሴትየዋም አብራት ሳቀች።

"እሺ፣ ስኳሩን እንኳ ከሻዩ ያውጡት።"

"ከእኔ ስኒ ካወጣሁት ቆየሁ። ልጆቼን ግን እስከ ማታ የሚያቆያቸው እሱ ነው። የሚጎዳኝን የማላውቅ መሰለሽ? የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ያለው ሰው ምን እንደሚበላ ከእድፉ አውቃለሁ።"

የነርሷ ዓይን ወደ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ሄደ። እሷም ለምሳዋ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችው አንድ እሽግ ብስኩት ነው።

"በይ ሰርዢው" አለች ሴትየዋ፣ ጣቷን ካርዱ ላይ አድርጋ።

"ሐኪሙ የጻፈውን መሰረዝ አልችልም። እንጀራዬን ነው የማጣው።"

"እንግዲያው እስክሪብቶውን ስጪኝ።"

"ታካሚ ካርድ ላይ አይጽፍም፣ እናቴ።"

"የተጻፈው ስለ እኔ አይደል?"

እጇን ዘረጋች። ሳሙናና ሙቅ ውሃ የላጠው እጅ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ውጭ አንድ ሰው "ዛሬ የእኛ ተራ አይደርስም?" ሲል ተሰማ። ሴትየዋ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

ነርሷ ወደ በሩ አየችና እስክሪብቶውን ሰጠቻት።

ሴትየዋ ከሐኪሙ ጽሑፍ ሥር፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየች ጻፈች፦ "ምክሩን ተቀብያለሁ። ደሞዜ ግን አልደረሰበትም።" ፈረመችበትም።

ነርሷ አነበበችው። ሴትየዋ ካርዱን ትዘጋዋለች ብላ ስትጠብቅ፣ ነርሷ መልሳ ወደ እሷ ገፋችው።

"ቀኑን ይጻፉበት" አለቻት ቀስ ብላ። "ቀን ከሌለው አይቆጠርም።"