ከመሀል የተመዘዘ ገጽ

ሐሙስ ዕለት እስከዳር መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የጥናቷ የወላጅ ፈቃድ ፎርም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መግባት አለበት። ስድስት ወላጅ ፈርሞላታል፤ የቀራት አንድ ባህረዲን ነው፣ የተማሪዋ የሀፍሷ አባት።

ነገሩ የተጀመረው አምና በእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ ላይ ነው። መድረክ ላይ የወጣችው ሴትዮ፣ «ጥናት የዩኒቨርሲቲ ሰው ርስት አይደለም፤ ከየክፍላችሁ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ ለተመረጠው ዓመት ሙሉ አማካሪ እንመድብለታለን» ስትል የአዳራሹ ግማሽ ስልኩን ይነካካ ነበር። መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው እስከዳር ግን ጀርባዋን አቀናች። አሥራ አንድ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ስታስተምር፣ ሰው ሁሉ መልስ ጠየቃት እንጂ «ጥያቄ አለሽ ወይ?» ያላት አልነበረማ!

ጥያቄም ነበራት። ልጅ በቤቱ ማንም በማያነበው ቋንቋ ሲጽፍ ምን ይጽፋል? ለሰባት ተማሪዎቿ ደብተር አደለች። በሳምንት አንድ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፤ አይታረምም፣ ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። አብዛኞቹ ስለ ኳስ ሞነጫጨሩ። ሀፍሷ ግን ጻፈች።

«አባቴ አሁን የሚያየው በጣቱ ነው» ይላል አንዱ ገጽ። «ጨርቁን ሲዳስስ ዓይነቱን ያውቃል፣ ቀለሙን ግን አያውቅም። ደንበኛ ሲመጣ አጠገቡ እቆማለሁ። ጥቁር ከሆነ አንዴ እስላለሁ፣ ሰማያዊ ከሆነ ሁለቴ። ሰዎች ይቺ ልጅ ጉንፋን አይለቃትም ይላሉ። እኔና አባቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።»

እስከዳር ይህን ገጽ ስንቴ እንዳነበበችው እግዜር ይቁጠረው። ሀፍሷ ከወጣች ጥናቱ ባዶ ነው። ልጅቷን ስታስፈቅዳት፣ «ስምሽ ይቀየራል፣ የአባትሽም» አለቻት።

«አባዬ ግን አይሰማም አይደል ቲቸር?»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው!»

ፎርሙ ላይ ደግሞ «ጽሑፉ ለወላጅ ይታይ» ይላል። ለስድስቱ አሳየች፤ ገልጦ ያየ የለም፣ «አንቺ ካልሽ» እያሉ ፈረሙ። አንድ ነጋዴ ታዲያ የማያውቀውን ቋንቋ አይቶ ምን ሊጠይቅ? ብላ ነበር የመጣችው። ንቀት መሆኑን ማን ይንገራት።

ባህረዲን በሁለት የታሰረ ቦንዳ ልብስ መሀል ተቀምጧል። ሀፍሷ አጠገቡ ቆማለች። ደብተሩን እስከዳር እጅ ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ፣ ጃፋር፣ ስራ ፈቶ በሩን ተደግፏል።

«ቲቸር! ነይ ግቢ። ሀፍሷ፣ ወንበር!» አለ ባህረዲን የእስከዳርን ሰላምታ ሲሰማ።

ስለ ጉባኤውና ስለ ጥናቱ ነገረችው። «የቀረኝ የርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ባህረዲን፣ ተጠንቀቅ!» አለ ጃፋር። «እኔንም ፊርማ ብቻ ነው ብለው ነው ያጋቡኝ።»

ባህረዲን ሳቀና እጁን ዘረጋ። «እህቴ፣ እኔ ቦንዳ ስቀበል ከላይ ያለውን አላይም። ከላይ ያለውማ ሁሌም ያምራል። ከመሀል ነው የምመዘው።» ደብተሩን ተቀበላት። እስከዳር ደጋግማ የገለጠችው ቦታ ላይ ማጠፊያው ተሰብሮ ነበርና፣ ገና ሲነካው በራሱ እዚያው፣ የሳሉ ገጽ ላይ ተከፈተ። ጣቱን አሳረፈበት። «ይቺን አንብቢልኝ። በአማርኛ።»

ሀፍሷ ወለሉን ታያለች። ጃፋር ወሬ ሸቶት አንድ እርምጃ ገባ። ዱባይ ተራ ደግሞ ዓይኑ የደከመ ነጋዴ መኖሩን ከሰማ፣ ሳይመሽ ግራጫውን ጥቁር ነው ብሎ የሚያስረክበው ሞልቷል።

«'አባቴ ታታሪ ነው'» አለች እስከዳር። «'ማልዶ ሱቅ ይከፍታል። ሲደክመኝ አይዞሽ ይለኛል። ትምህርቴን ጨርሼ ላሳርፈው እፈልጋለሁ።'»

«ማሻአላህ!» አለ ጃፋር። «የኔዎቹ ቢጽፉ 'ይጮኻል' ብለው ነው የሚጨርሱት።»

የባህረዲን ፊት ለሰለሰ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። እስከዳር ትንፋሿን ልትለቅ ስትል፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

መርካቶ ዋጋ የሚጠየቀው ሁለቴ ነው። ገዢ ይጠይቃል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠይቃል፤ የዋሸ ሻጭ የቅድሙን አያስታውስም።

«'አባቴ ታታሪ ነው። ሱቅ... ማልዶ ይከፍታል። ትምህርቴን ጨርሼ... ልረዳው እፈልጋለሁ።'»

«አይዞሽ የሚለውን ምን በላው?»

«እሱም አለ። ዘልዬው ነው።»

ባህረዲን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጃፋር ወዲያው እጁን ሰደደ፤ «ወዲህ በል! የወንድሜ ልጅ ኢክራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ታች ሱቅ ተቀምጣለች። በአንድ አፍታ ታነብልሃለች።»

ባህረዲን ደብተሩን ሊያቀብለው ከፍ አደረገ።

«ቲቸር» አለች ሀፍሷ፣ በሹክሹክታ።

እስከዳር ደብተሩን ከመሀላቸው ነጠቀች። «ዋሽቻለሁ!» አለች። «የተጻፈው ሌላ ነው፣ እንዲሁ የልጅ ነገር። አይፈርሙልኝ። ጥናቱም ይቅር።»

«በልጄ ስም ዋሽተሽ ልታስፈርሚኝ? እዚሁ ሱቄ ውስጥ?» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው፤ ከየሱቁ አንገት ብቅ ብቅ አለ። «አስተማሪ ነኝ ትያለሽ ደግሞ!»

እስከዳር ለማንም ምላሷን ቆጥባ አታውቅም። ርዕሰ መምህሩ እንኳ በስብሰባ ላይ ከእሷ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። አሁንም መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ይህን ሁሉ አንገት ወደየሱቁ የሚመልስ። ዋጠችው።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» ብላ ወጣች።

መሳለሚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። የስድስቱን ፊርማ ብቻ መላክ ትችል ነበር፤ ስለ ኳስ የሚያወራ ጥናት። አልላከችም።

በማግስቱ ደብተሩን ለሀፍሷ መለሰችላት። ሀፍሷ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሰኞ የሳምንቱ ገጽ ሲሰበሰብ የሷም መጣ። «መርካቶ ትልቅ ገበያ ነው። ብዙ ሰው ይመጣል። ቤተሰቤን እወዳለሁ።»

እስከዳር ከክፍል ሲወጡ አስቀረቻት። «ለማንም አልተናገርኩም እኮ፣ ሀፍሷ።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ሀፍሷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘችው። «አባዬ ከሐሙስ ወዲህ ሱቅ አትምጪ ብሎኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ምንም አላለም። ቤት ሆነሽ አጥኚ ብቻ። ምን እንደጻፍኩ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ያወቀው ይመስለኛል።»

«አጠገቡስ ማን ይቆማል?»

«ማንም አይቆምም» አለች ሀፍሷ፣ ደብተሯን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ።