የማትቆጣዋ አውሮፕላን

የሃንጋሩ ሜካኒኮች አዲሲቱን የማሰልጠኛ አውሮፕላን «አክስቴ» ማለት የጀመሩት የነደፋት መሐንዲስ ሳይሰማ ነበር። ኋላ ሲሰማ ግን ደስ አለው። ለአየር ኃይሉ ዕጩ አብራሪዎች የታሰበች የመጀመሪያዋ ናሙና ናት፤ ከፊት ተማሪ፣ ከኋላ አስተማሪ ይቀመጥባታል። ዓመታት ሙሉ ክንፏን ሲስልና ሲሞርድ የኖረው አንድ ነገር አስቦ ነው፤ ልጅ እንዳትጥል።

ታናሽ ወንድሙን የጣለው አሮጌው ማሰልጠኛ ነበር። ፍጥነቱ ሲሞት፣ ትንፍሽ ሳይል በጎኑ ተገልብጦ ወረደ። ከቀብሩ በኋላ እናታቸው የመሐንዲሱን እጅ ይዛ፣ «አንተ ሙያው አለህ፤ የሰው ልጅ የማይጥል አውሮፕላን ሥራ» አለችው። እሺ አላት። ለእናቱ እሺ ያለውን ደግሞ ለፈጣሪ እሺ እንዳለው ነው የሚቆጥረው።

የሙከራ አብራሪው የዚያ የሟች ወንድሙ ጓደኛ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከበረራ ተመልሶ የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ ክንፏ ላይ ተቀመጠ።

«እህስ?» አለ መሐንዲሱ።

«አፍንጫዋን ሰቀልኩ ጋሼ፤ መሪውን እስከ ሆዴ ሳብኩት፤ ፍጥነቷን ገደልኩት። ምን ያደረገች ይመስልሃል?»

«ምን አደረገች?»

«ምንም! ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና መንገዷን ቀጠለች። እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።»

«ዕድሜሽ ይርዘም አክስቴ!» ብሎ የሜካኒኮቹ አለቃ አጨበጨበ። አብራሪው ግን አልሳቀም።

«አታስተምርም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጥፋቱን ሁሉ ትሸፍንለታለች። አክስቱ ጋ ተሞላቆ ያደገ ልጅ አይተህ አታውቅም? ነገ ተዋጊ ጄት ላይ ሲወጣ፣ ጄቱ አክስቱ አይደለም። ያው እንደ ወንድምህ . . .» ሳይጨርሰው ተወው።

መሐንዲሱ ደሙ ፈላ። «ታዲያ እንድትጥላቸው ላድርግ? እናቴንስ ምን ብዬ ላያት?»

«ትጣል አላልኩም! ከመጣሏ በፊት ትናገር። ትንቀጥቀጥ፣ ትነጫነጭ፣ ትሳደብ!»

«አይሆንም» ብሎ ጥሎት ወጣ።

ምሳ አልበላም። ከሃንጋሩ ጀርባ፣ የአሮጌ ጎማዎች ክምር ላይ ተቀምጦ ሊጸልይ ሞከረ። የአብራሪው ሐሳብ ስህተት ሆኖ እንዲገኝ ሊለምን ጀምሮ አፈረና ተወው። ያኔ ወንድሙ በሐሳቡ መጣበት። መሪውን ይዞ፣ ምናልባትም እያንጎራጎረ። ሁሉ ሰላም መስሎት ነበር። ማንም አልነገረውማ።

ተነስቶ ገባና የሜካኒኮቹን አለቃ ቀጭን የብረት ዘንግ ጠየቀው። በክንፎቹ ግንባር ላይ፣ ከገላዋ አጠገብ ሊለጥፈው ነው፤ አየሩ እዚያ ሲሰናከል ጅራቷን ይመታታል፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች።

«እንደ መስታወት ያለሰለስነውን ክንፍ?» አለ አለቃው፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ደርሶ።

«እናሻክረዋለን። በል ያዝልኝ።»

በማግስቱ የተማሪው ወንበር ላይ የተቀመጠው መሐንዲሱ ራሱ ነው። ከኋላው የአብራሪው ድምፅ በጆሮው መጣ፤ «ስቀላት ጋሼ። ቀጥል። አለሁ።»

ነፋሱ ጸጥ እያለ ሄደ። ከዚያ መሪው መዳፉ ውስጥ ተንዘፈዘፈ፤ ወንበሩም፤ ጥርሱም።

«እየነገረችህ ነው!»

ሰምቷል። ግን እሷ አትጥለኝም ብሎ መሪውን አልለቀቀም። የሻከረው ክንፏ ግን እንደ ትናንቱ አልታገሰውም፤ ተሰበረ እንዴ እስኪል ድረስ በአንድ ጎን ተደፋች፤ መሬት መስታወቱን ሞላው።

«ወደፊት! መሪውን ወደፊት!»

ገፋው። ራሷን ሰብስባ ቀና አለች።

«ይኸው አንድ ተማሪ አስተማረች» አለ አብራሪው። «ሆድህስ ደህና ነው?»

«በስመ አብ» አለ መሐንዲሱ። ቆይቶ፣ «እንደገና ልሞክር።» በሁለተኛው ሙከራ ግን ገና መሪው ሲንዘፈዘፍ ለቀቀላት።

ማታ እናቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። «እህ፣ ገራገር ናት?»

«አይደለችም እማዬ። ቁጡ ናት።» እንዳትደነግጥ ፈጠን አለ፤ «ግን ስትቆጣ ቀድማ ትናገራለች። የሰማት ይመለሳል።»

እናቱ እጁን ይዛ ገለበጠችው፤ አሁንም በስሱ ይንቀጠቀጣል።

«ወንድምህንም እንዲህ ቀድሞ የሚቆጣው ቢኖር ኖሮ» አለችና፣ መንቀጥቀጡ እስኪተወው ድረስ በሁለት መዳፏ ይዛው ቆመች።