በበዓለ ሃምሳ የማይፈታ ጾም

ሰርክአዲስ በልጇ ጾም ስትኩራራ የከረመች ሴት ናት። ይህን የሚለው ጠላቷ አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቅድስቲቱ ከተማ፣ የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ ከኪዳነ ምሕረት ቅጽር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከልጇ ከአርሴማ ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናት የተሳላሚዎችን ማረፊያ ታጸዳለች፣ ልጅ ትማራለች። አርሴማ ማንም ሳያስገድዳት የጽጌን ጾም የጀመረች ጊዜ እናቷ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ይዛ «የእኔዋ እኮ የፈቃዱንም አታስታጉልም!» ትላቸው ነበር። እነሱም «ታድለሽ! የእኛዎቹ ሻዋርማ ሲገምጡ ነው የሚውሉት» ይሏታል። የልጅቱ ቀሚስ ከወገቧ ላይ መንሸራተት ሲጀምር እንኳ እናቷ ጸጋ ነው ብላ በመርፌ አጠበበችው።

የጽጌው አልቆ የነቢያት ገባ፤ ከዚያም ዐቢይ ጾም። ፋሲካ ደርሶ ዶሮው ሲቀርብ ግን አርሴማ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። «እየጾምኩ ነው» አለች። በበዓለ ሃምሳ! ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ሰርክአዲስ ያን ጊዜ ደነገጠች፤ ዘግይታ ደነገጠች። የነፍስ አባታቸው መጥተው «ልጄ፣ ብዪ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ቢሏት፣ ልጅቱ መስቀላቸውን ተሳልማ ማዕዱን ሳትነካ ተነሣች። ብዙም ሳይቆይ ከቤታቸው ፈቀቅ ብሎ ባለው ሃነቪኢም መንገድ ጥግ ላይ ወድቃ በአምቡላንስ ተወሰደች።

ሐኪሞቹ ልቧ እየደከመ ነው አሉ። ይህን ለሰርክአዲስ የምታስረዳት ሃዳስ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን፣ እሷ ግን እዚያው ከተማ ቃታሞኒም ሰፈር ያደገች፣ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቦካ። አንድ ቀን ሰርክአዲስን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ አንድ ሜሕቃር አለ… ጥናት። ይሄ አለመብላት በዘር ይመጣል ወይ ብለው ከቤተሰብ ደም ይወስዳሉ። በአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ያመመው ካለ በጣም ይፈልጉታል። አቫል… ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አርሴማን አያድናትም። ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ።»

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም!» አለች ሰርክአዲስ ቱግ ብላ።

«ቀስ ብለው ያስቡት። በጣም ቀጭን የሆነች፣ ከልጅነቷ እህል እምቢ ያለች፣ የወር አበባ የቀረባት ሴት?»

ሰርክአዲስ «የለም» ልትል አፏን ከፍታ ቀረች። ታላቅ እህቷ እማሆይ ልቅናሽ በሐሳቧ መጡባት።

እማሆይ ልቅናሽ በግንብ በታጠረው በድሮው ከተማ ባለው ገዳም የሚኖሩ፣ «በእፍኝ ሽንብራ ነው የሚውሉት» እየተባለ ከአገር ቤት የመጣ ተሳላሚ ሁሉ ጉልበታቸውን ካልሳምኩ የሚላቸው መነኩሴ ናቸው። ሰርክአዲስ ግን ገና ልቅናሽ ሳሉ ታስታውሳቸዋለች። ደምቢያ፣ አባታቸው ቤት፣ እናታቸው ቅቤና ማር ይዛ ስታባብላቸው፣ እሳቸው ጥርሳቸውን ገጥመው ፊታቸውን ሲያዞሩ። መንደርተኛው «ለምናኔ ተጠርታ ነው» አለ፤ ወላጆችም እፎይ ብለው ገዳም አስገቧቸው። እህሉ የቀረው ከምንኩስናው በፊት ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ሰርክአዲስ የፈረስ ተረት ይመስላት ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

የሚያስለቅሳት ሌላም ነገር ነበር። ሐኪም ለመናት፣ እናት ለመነቻት፤ የአርሴማ መልስ ግን አንድ ነው። «እማሆይ እንዲህ ኖረው የለ? እሳቸው ራሳቸው ‘ይህ በሽታ እንጂ ጾም አይደለም’ ካሉኝ እበላለሁ። ሌላ ሰው አይንገረኝ።» የልጅቱ ነፍስ በአንዲት መነኩሴ ቃል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

በማግስቱ ሰርክአዲስ ወደ ገዳሙ ሄደች። የኢንቲፋዳው ዘመን ነበር፤ ሰው አውቶቡስ ላይ የሚፈነዳውን ቦምብ ፈርቶ በእግሩ ይሄዳል፣ የድሮው ከተማ ሱቆች ገሚሶቹ ተዘግተዋል። እማሆይን ከክፍላቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸውና ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች።

«እማሆይ፣ ሁለት ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁ። ደምዎንና ቃልዎን።» ሁሉንም ነገረቻቸው።

እማሆይ ሰምተው ሲጨርሱ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ደሜን ይውሰዱት፤ ለአፈር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩትን ግን በሽታ ነው በዪ ልትዪኝ ነው፣ ሰርኬ?»

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው።»

«እጸልይላታለሁ።»

«ጸሎቱንማ መች አጣሁት!» አለች ሰርክአዲስ።

ያም ሆኖ እማሆይ ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ሃዳስ ከዚያ ከሲታ ክንዳቸው ላይ ደም ሥር ፍለጋ ብዙ ደከመች፤ እማሆይ አንዴም ውይ ሳይሉ ደማቸውን ሰጡ። ከደሙ በኋላ ጥያቄ ነበረ።

«እማሆይ፣ ምግብ ሲያዩ ይፈራሉ?»

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «መነኩሴ እንዲህ ያለውን አትጠየቅም።»

«በሴደር፣ እሺ፣ አላስገድድዎትም» አለች ሃዳስ። «ግን ካልነገሩን ደሙ ብቻውን ብዙ አይጠቅመንም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ግን የደበቀችው አንዷ፣ መድኃኒት የምታጣው ሌላዋ ነበረች። ሰርክአዲስ ጥርሷን ነክሳ እህቷን ወደ ልጇ ክፍል መራች።

አርሴማ እማሆይን ስታይ ልትነሣ ሞክራ አቃታት። ዓይኗ ብቻ በራ። የሆስፒታሉ ምሳ ከፊቷ እንደቀረበ ነበር።

«እማሆይ፣ እግዚአብሔር ጾሜን ይቀበለኛል?»

እማሆይ የልጅቱን ጸጉር ዳበሱ፤ ከሥሩ እየለቀቀ ጣታቸው ላይ ቀረ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው።

«ይቀበልሽ፣ ልጄ» አሉ።

አርሴማ ፈገግ ብላ ምሳውን ገፋችው። ሰርክአዲስን ያን ጊዜ የያዛት ንዴት በዕድሜዋ ይዟት አያውቅም። እህቷ ከመነኮሱ ጀምሮ ከ«እርስዎ» ወርዳ የማታውቀዋ ሴት ከምሳው ላይ ዳቦውን አንሥታ ቆረሰችና እጃቸው ላይ አኖረችው።

«በዓለ ሃምሳ ነው፣ ልቅናሽ! ጾም የለም። ብዪ! ልጄ እያየችሽ ብዪ!»

እማሆይ ዳቦውን አዩት፣ እህታቸውን አዩ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ አደረጉትና ማኘክ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ አኘኩ። በመጨረሻ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። ሰርክአዲስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች፤ ልቧ ትንሽ መለስ አለላት።

«አየሽ፣ ልጄ? እማሆይም በሉ።»

አርሴማ እናቷን አላየቻትም፤ ነጠላውን ነበር የምታየው። ፈገግታዋ ጠፍቷል።

«አልዋጡትም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ነጠላው ውስጥ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው፣ በፎጣ። ብዙ ማኘክ፣ ከዚያ አፍን መጥረግ።»

እማሆይ ነጠላቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ። የታኘከው ዳቦ ከነጠላው ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም።

«ከስንት ዓመትዎ ጀምሮ ነው?» አለች አርሴማ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«ከዐሥራ አራት።»

«ለእግዚአብሔር ብለው ነው?»

እማሆይ ወለሉ ላይ የወደቀውን ዳቦ አዩ። «እግዚአብሔር ኋላ ነው የመጣው» አሉ። «መጀመሪያ ፍርሃቱ ነበር። በሽታ ነው ልጄ፤ ጾም አይደለም።»

«እና መቼ ተወዎት?»

«አልተወኝም።»

የአርሴማ እንባ ዝም ብሎ ወረደ። ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አልነበረችምና ከምሳው ጋር የመጣላትን ወተት እንዲሰጧት በእጇ ጠቆመች። ሰርክአዲስ በአንድ እጇ የልጇን ራስ ደግፋ ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። የልጅቱ የአንገት ሥሮች ተገተሩ፤ ግንባሯ ላብ አወጣ፤ ስትታገል ሁሉም አዩ። ወተቱ ከንፈሯን አርሶ በአገጯ ወረደ እንጂ ጥርሶቿ አልተከፈቱም።

«አልችልም፣ እማዬ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ «አልፈልግም» ነበር የምትለው።

ሰርክአዲስ እውነቱ ከወጣ ልጄ ትድናለች ብላ ነበር ያን ሁሉ የለፋችው። እማሆይ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብለው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ፤ አርሴማ ትራሱ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰርክአዲስ ኩባያውን እንደያዘች መካከላቸው ቆመች፤ ወተቱን ለየትኛቸው እንደምትሰጥ አላወቀችም።