የመጋረጃው ሰው

ሁለቱ ወንድማማቾች ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ መልካቸው ቁርጥ አንድ፣ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር። ታላቁ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ከፊት ይቀመጣል፤ ይለካል፣ ያወራል፣ ያስቃል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል። ታናሹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሰፋ። እሱን «ግድግዳው» አሉት። የለበሱትን ሁሉ የሰፋላቸው ግድግዳው፣ የሚመሰገነው ሬዲዮ።

እርግጥ መጋረጃውን የሰቀለው ራሱ ታናሹ ነው። ሦስት ሰው ካናገረ ራሱን ያመዋል። ታላቁ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻውን ከቆየ ይቁነጠነጣል፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «አለህ?» ይላል። ታናሹ ያቺን «አለህ?» እንደ ጥርስ ሕመም ይጠላታል። መልስም ሰጥቶ አያውቅም።

ታላቁ በድንገት ሞተ። ታናሹ አለቀሰ፤ ከእንባው ሥር ግን አንዲት ክፉ ሐሳብ ነበረች፤ እፎይ የምትል። ሱቁን ከሁለት ወር በኋላ በከፈተበት ጠዋት መጋዝ ይዞ በሩ ላይ ቀዳዳ ሊያወጣ ተነሣ። ጨርቅና የልክ ወረቀት በዚያ ይገባል፣ የተሰፋው በዚያ ይወጣል፣ እሱም የሰው ፊት ሳያይ ዕድሜውን ይጨርሳል።

መጋዙን በሩ ላይ ሳያሳርፍ አንዲት ነርስ ደረሰች፤ ቀሚስ አሰፍታ ሌላ ከተማ የከረመች ደንበኛ።

«እግዜር ያጽናህ» ብላ እጁን ያዘችው። «ከወንድማማቾቹ አንዱ ሞተ ሲሉኝ ክው አልኩ። እንኳን አንተ አልሆንክ። እሱማ… ይቅር ይበለኝ፣ ድምፁን እንኳ አላውቀውም።»

እሱ እኮ እኔ ነኝ ሊላት ነበር። ይህን ካለ እንደተመኘው መጋረጃውም ቀዳዳውም የእሱ ናቸው። ግን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚወድቅ ታየው። ከልጅነቱ ያውቀዋል ያን ፊት፤ እንግዳ አንኳኩቶ እሱ ሲከፍት «ወንድምህስ?» የሚል ፊት ነው።

አፉን ሲከፍት የታላቁ ድምፅ ወጣ።

«አንቺ፣ ወገብሽ ሰፋ ወይስ ሜትሬ አጠረ?»

እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እሱ በተናገረው ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ጣፈጠው።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ተነሣ።

«ሰፊ ቀጠርክ እንዴ?» አለች፣ ቀሚሷን ተቀብላ እየወጣች።

«አዎ። ሰው አይወድም፣ ተዪው።»

የመኪናውን አረጋገጥ ለየው፤ ግራ እግር ጠንከር፣ ቀኝ ላላ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ፋታ። የራሱ እግር ነው። ሄዶ መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ሰነዘረ። ግን ውስጥ ያለው ሰው ሲገለጥበት ምን እንደሚሰማው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እጁን ሰበሰበ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የታላቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የሚመጣ ሰው የለም።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ አላስችል አለው።

«አለህ?» አለ።

መኪናው ቆመ። መልስ ግን የለም፤ ድሮም አይመልስም ነበር።