ሁለተኛው ስኒ

ዴልፊና ዋይታ የእናቷን ሞት ስትሰማ በምትሠራበት የዳቦ ፋብሪካ ፓኔቶን እየገለበጠች ነበር። ፓኔቶን ዘቢብ ያለበት የገና ዳቦ ነው፤ ሊማ ውስጥ እሱ ያልገባበት ቤት ገናው ገና አይባልም። ከምድጃ እንደወጣ ቶሎ በሽቦ ተወግቶ ቁልቁል ካልተሰቀለ ደግሞ ወገቡ ይሰበርና ቁጭ ይላል። ወንድሟ ከአገር ቤት፣ ከዋንታ ደውሎ «እማዬ አረፈች» ሲላት «ቆይ አንዴ» አለችው። አንድ ሙሉ ጋሪ ፓኔቶን ገልብጣ ሰቀለችና መልሳ ደወለችለት። ቆይ አንዴ! እስቲ አሁን ይሄ ለሞት የሚባል ነው?

ጥቅምት ነበር፤ ለገና የሚጋገርበት፣ ፋብሪካው የሚያብድበት ወር። አለቃዋ «ሂጂ፣ ቅበሪ» ብሎ ፈቃድ ሰጥቷታል። የከለከላት ሰው የለም። እሷው ናት «ምድጃውን ለማን ትቼ?» ብላ የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ልቧ ደነዘዘ። አላለቀሰችም፣ አልራባትም፣ ደስም አላላትም፤ ሥራ ብቻ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የእሷ ሆድ ግን የሚፈጀው ነገር ያለበትም አይመስልም ነበር።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ አውሬሊዮ ሺማቡኩ ላግባሽ ያላት።

አውሬሊዮ የፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። አያቶቹ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከኦኪናዋ ደሴት በመርከብ የመጡ፣ እሱ ሊማ ተወልዶ ሊማ ያደገ፣ ቴርሞሜትር ካላየ እሳት ያቃጥላል ብሎ የማያምን ሰው። እሷ ደግሞ የተራራ ልጅ ናት፤ ዳቦ መብሰሉን በአፍንጫዋ የምታውቅ፣ ሊጡን በጣቷ ተጭና መልሶ ሲነሳላት «በቃ» የምትል። ሦስት ዓመት እሳትና ጭድ ሆነው ኖሩ።

«ኢንጂነር፣ አፍንጫህን ለጌጥ ነው ያስቀመጥከው?» ትለዋለች።

«ያንቺን ጉንፋን ሲይዘውስ፣ ፋብሪካውን እንዝጋው?» ይላታል።

በአንድ ነገር ብቻ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቤት መግባት አይወዱም። ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ እነሱ ይቀራሉ፤ እሱ ይመዘግባል፣ እሷ ታሸታለች። ፍቅሩም የመጣው እዚያው ጋሪዎቹ መሀል ነው። ከጥቅምት በፊት ጠይቋት ቢሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቃሉን ሳይጨርስ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር።

እሱ ግን የጠየቃት በኅዳር አጋማሽ፣ መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ ነው። «ዴልፊና፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ገና ዕለት እናቴ ቤት ምሳ ነይና መልሱን ያኔ ንገሪኝ። እስከዚያ ሥራ አለብን።»

ልቧን እንደ ሊጡ ተጫነችው። አልተነሳላትም።

ከሁሉ የባሰው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ያለፈው የሙታን ቀን ነበር። ዋንታ ውስጥ በኅዳር መጀመሪያ ለሞተ ሰው ገበታ ይዘረጋል፤ ነፍሱ ከመንገድ ደክማ ስለምትመጣ በሕይወቱ የሚወደው ሁሉ ይቀርብለታል። ሐዘኑ ትኩስ ለሆነ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይታለፍም። ዴልፊና ድርብ ፈረቃ ስትሠራ ሰንብታ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው ትዝ ያላት። የተበላሸ ዕቃ እንደሚያስታውቅ ሰው ሆና ለአውሬሊዮ ብቻ ነገረችው።

«እናቴ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ ጠረጴዛ አገኘች።»

ማጽናናትም የለ፣ ምንም የለ። «ስማቸው ማን ነበር?» አላት።

«ጉመርሲንዳ።»

መዝገቡ ላይ ጻፈው። ኧረ ይሄ ሰውዬ! ሐዘኗንም እንደ ምድጃ ሙቀት መዘገበው። ተናዳ ብትሰድበው እንኳ ጥሩ ነበር፤ ንዴቱም አልመጣላትም።

ገና ደረሰ። ዴልፊና ቆርጣ ነው የወጣችው። እምቢ ልትለው ነው። ደርቆ ለቀረ ልብ ሰው ማሰር ግፍ ነው ብላለች፤ እሱን ስለምትወደው ሳይሆን ትወደው እንደነበር ስለምታስታውስ። የሊማን የገና ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ የበጋው መሀል ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ፓኔቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ እያላባት እነ አውሬሊዮ ሰፈር፣ ላ ቪክቶሪያ ደረሰች።

በሩን የከፈቱላት የአውሬሊዮ እናት፣ ወይዘሮ ቺዮ ናቸው። «አንቺ ነሽ ባለ ምድጃዋ? ግቢ፣ ግቢ! ይሄን ልጅ ከሥራ ያስቀረች የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። አምና ለገና እንኳ አልተገኘም!»

አውሬሊዮ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። መዝገቡን ስላልያዘ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል።

«አውሬሊዮ፣ ከምሳው በፊት አንድ ነገር ልንገርህ» ብላ ጀመረች።

«ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ለሙታኑ» አሉ ወይዘሮ ቺዮ። ካመጣችው ፓኔቶን ሁለት ቁራጭ ቆርጠው፣ ግድግዳው ሥር ሙታኖቻቸውን ወደሚያስቡባት ትንሽ የእንጨት መንበር ሄዱ። እዚያ የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ አለ፤ ከፊቱ አንድ ስኒ ሻይ። አጠገቡ ፎቶግራፍ የለም፤ በጥንቃቄ የተጻፈች ወረቀት ብቻ ቆማለች። ከፊቷም ሁለተኛ ስኒ አለ፣ ገና ይጨሳል። ወረቀቷ ላይ «ጉመርሲንዳ» ይላል።

ዴልፊና ሁለቴ አነበበችው።

«እኚህን እናት ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ቺዮ። «ከኅዳር ጀምሮ ይሄ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገባ ሻይ ይቀዳላቸዋል። ማናቸው ስለው "ከዋንታ የመጡ እንግዳ ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፣ እስክትመጣ እኛ ጋ ይቆዩ" አለኝ። እኔም እንግዳ አይመለስም ብዬ ሩዝ ጨመርኩላቸው።»

ዴልፊና ስኒውን አንስታ ቀመሰችው።

«ስኳር የለውም» አለች።

አውሬሊዮ ደነገጠ። «እኛ ያለ ስኳር ነው የምናቀርበው። ተሳስቻለሁ?»

«እማዬ ስኳር የሌለው ሻይ አትጠጣም።»

ሮጦ ስኳሩን አመጣላት። «ስንት ማንኪያ?»

«ሦስት።»

አንዱን ጨመረች። ሁለተኛው ከእጇ ተደፋ። «ሰባት ሳምንት!» ብላ ጮኸች። «ሰባት ሳምንት ሙሉ መራራ ሻይ አጠጣሃት፣ አንተ ደረቅ!» ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ከጥቅምት ጀምሮ የጠፋው ሁሉ ባንዴ መጣ፤ ወንበር ሳትፈልግ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ቺዮ ነገሩ ገብቷቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አውሬሊዮ ማንኪያውን ተቀብሎ የቀረውን ስኳር ጨመረ።

«አማስለው እንጂ!» አለችው እያለቀሰች። «ተወው፣ አምጣው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚሁ እኔ ራሴ ነኝ የምቀዳላት።»