የአቶ ሐጎስ ስኳር

ዳናይት ውጤቱን የከፈተችው እዚያው ላብራቶሪው በር ላይ ቆማ ነው። ላብራቶሪው ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ከምትሠራበት ገስት ሀውስ የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ፣ የአባቷን የደም ውጤት የምትወስደው ሁልጊዜ ከሥራ ሹልክ እያለች ነበር። ወረቀቱ ላይ «ሲኢኤ» ከሚለው ጎን 14.6 ይላል። ከአምስት በታች መሆን ነበረበት። ባለፈው 3.1 ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ 2.4። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ጮክ ብላ፤ ጥበቃው ዞር ብሎ አያት።

ዶክተር ሙሉአለም ስልኩን ያነሡት በሁለተኛው ጥሪ ነው። ከአሥር ወር በፊት የአባቷን የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀደው ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«አትደንግጪ» አሏት። «ቁጥሩ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ጠቋሚ ነው። ዕጢው ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ እሱ ሲጨምር አንድ ቦታ ተመልሶ እያቆጠቆጠ ሊሆን ይችላል። ጉበት ላይ ሆኖ ትንሽ ከሆነ ደግመን ልናወጣው እንችል ይሆናል። ከቆየ ግን እንጃ። ዛሬውኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘሻቸው ነይ፤ ሲቲ ስካን ይነሣሉ። ደግሞስ ክብደታቸው ለምን እንዲህ ቀነሰ? ምግብ ይበላሉ?»

ለመጨረሻው ጥያቄ ዳናይት መልስ ነበራት፤ ግን ለመናገር አፈረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሐጎስ ካንሰር እንደነበረባቸው አያውቁም። ባለቤታቸው ትበርህ ከስድስት ዓመት በፊት ካንሰር እንዳለባቸው የተነገራቸው ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ ወር እንኳ አልቆዩም። ስለዚህ ዳናይትና ወንድሟ ቴድሮስ ተመካክረው አባታቸውን «አንጀትህ ታጥፎ ነበር» አሏቸው። በአገራችን አንጀቱ የታጠፈበት ዘመድ የሌለው ሰው ስለሌለ፣ አመኑ። በኋላ በየሦስት ወሩ ደም ሲቀዱ ግን «አሁን ደግሞ ምኔን ነው የሚያዩት?» ብለው ያዟት። ዳናይት ቀኑን ሙሉ «ውሃው አሁን ይመጣል» እያለች እንግዳ ስታባብል የምትውል ሰው ናት፤ ምላሷ ቀደማትና «ስኳርህን ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሏል» አለቻቸው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ወፈረ፤ የከሱት አባቷ ናቸው። አቶ ሐጎስ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ አንዴ ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ስኳሩን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ሙዙን ሁሉ እርም አሉ።

ደወለችላቸው። «አቦይ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን።»

«ለምን?»

«ያው… ለስኳሩ ነዋ።»

«የምን ስኳር? ድኛለሁ እኮ! ይልቅ ነይና እዪ!»

ቦሌ ቡልቡላ ስትደርስ አባቷ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ፈቲያ ሱቅ በራፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፈቲያ ከስኳር በሽታ ጋር አሥር ዓመት የኖረች ጎረቤታቸው ናት፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ ጣታቸውን ወግታ በራሷ መለኪያ ለክታቸዋለች።

«ሰማንያ ስምንት!» አሉ አቶ ሐጎስ መለኪያውን ከፍ አድርገው። «አንዲት ኪኒን ሳልውጥ! በምግብ ብቻ!»

«ማሻ አላህ! ለእኔ እንኳ እንዲህ ወርዶልኝ አያውቅም» አለች ፈቲያ። «አስተማሪዬን በለጥኩ ብለው ሲኩራሩብኝ ነው ያረፈዱት።»

ዳናይት ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። የአባቷ ሸሚዝ ኮሌታው ሰፍቷቸዋል። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየች።

«ስለዚህ ደም መስጠቱ በቃኝ» አሉ። «ሐኪሙን አመስግኚልኝ። ወረፋውን ለታመመ ሰው ይስጡት።»

ዳናይት ወደ ደረጃው ፈቀቅ ብላ ለወንድሟ ደወለች። ቴድሮስ ነገሩን ሲሰማ «ሌላ ነገር በይው» አላት። «ጉበትህን ስብ ይዞታል በይው። ካንሰር የሚለውን ከሰማ እንደ እማዬ ነው የሚሆነው። የራሱን መርዶ ለራሱ ልትነግሪው ነው?»

«ስብ ካልኩት ከነገ ጀምሮ ዘይት ያቆማል! ከዚያ ምን ሊበላ ነው፣ አየር?»

«ዳኒ፣ እባክሽ…»

ስልኩን ዘጋችበት። አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አንደኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው አወጣቻቸውና ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሆዷ ውስጥ የያዘችውን አሁን ካላወጣችው መቼም እንደማታወጣው ታውቀዋለች።

«አቦይ፣ ስኳር ኖሮብህ አያውቅም።»

«አላልኩሽም?» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ስማኝ እንጂ! አንጀትህም አልታጠፈም። ያወጡልህ ካንሰር ነው። ደምህን የሚያዩት ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዋሸሁህ።» አለቀሰች።

አቶ ሐጎስ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ።

«ሰባት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ወር ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። የቴድሮስ ልጅ የልደት ኬኩን በእጁ ሊያጎርሰኝ ሲመጣ እምቢ ብዬ ሕፃኑን አስለቅሻለሁ።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አባቱ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር እኮ! ሌላስ ማን ያውቃል?»

«አክስቴ ዮሃና። የቴዲም ሚስት።»

«ፈቲያስ?»

«እሷ አታውቅም።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር አብራኝ የታመመችው እሷ ብቻ ናት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ ለደበቀ ግን የተባለ ነገር አላውቅም።»

«እንደ እማዬ እንዳትሆንብን ፈርተን ነው።»

«እናትሽ ስለሰማች አይደለም የሞተችው፣ ጓለይ። ሲነገራት መላ አካሏን ጨርሶት ነበር። ግድግዳውን ያየችው ስላመማት ነው፤ በዚያ ጎን ስትተኛ ይሻላት ነበር። ጠይቃችሁኝ ቢሆን እነግራችሁ ነበር።»

ዳናይት ይህን ሰምታ አታውቅም።

«አምጪው ወረቀቱን» አሉ።

የሦስቱንም ጊዜ ውጤት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደሯቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ይሄማ መደመር አይደለም፤ ማባዛት ነው» አሉ። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«ትንሽ ከሆነ ይወጣ ይሆናል አሉ። ከቆየ ግን እንጃ።»

«ስኳር የለብኝም ብዬ ብቀር ኖሮስ?»

አቶ ሐጎስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈራሁ» አሉ። አባቷ ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም፤ እጃቸውን ያዘችው። እጃቸውን ሳይነጥቋት ትንሽ ቆዩና ኮታቸውን እንድታቀብላቸው ጠየቋት።

አሥር ሰዓት ላይ ሲቲ ስካኑ ተነሥቶ፣ ውጤቱ ዶክተሩ ክፍል ከገባ ቆይቷል። አባትና ልጅ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አቶ ሐጎስ ተቀይመዋል፤ ዳናይትም ገብቷታል።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «የአቶ ሐጎስ ቤተሰብ!»

ዳናይት ከልማድ ብድግ አለች። ክፉም ደግም ወሬ ቤተሰብ ቀድሞ ይሰማል፤ ታማሚው ውጭ ይጠብቃል። ባለፉት ጊዜያት ሁሉ እንዲህ ነበር። ወደ አባቷ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

የተነሡት አቶ ሐጎስ ናቸው።

«አባባ፣ የጠራሁት ቤተሰብ ነው» አለች ነርሷ።

«ሰምቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ታማሚው እኔ ነኝ፤ እኔ ልግባ።»

ኮታቸውን ቆልፈው ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ከያዙ በኋላ ግን ቆም አሉና ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። ፊታቸው ላይ ያለው ቅያሜ ገና አልወጣም።

«ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አሏት። «ብቻዬን ከሰማሁት፣ እኔም አንቺን እዋሽሽ ይሆናል።»